«ወረቀት ብቻ ነው» ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ

አንዲት አጭር አነጋገር አለች። ከሦስት ቃል አትበልጥም፤ ነገር ግን ከብዙ ረዣዥም ውሸቶች ይልቅ ብዙ ሰው ስታሳስት ያየኋት እርስዋን ነው። ይህችውም «ወረቀት ብቻ ነው» የምትባለው ናት። በዋሺንግተን ቡና ቤት ሰምቻታለሁ፤ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ሰምቻታለሁ፤ በመጨረሻም ከአንድ ሐዘንተኛ አፍ በገዛ ቤቴ ሰምቻታለሁ። እኔም ራሴ ብዙ ዓመት ስናገራት ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ልሟገታት ተነሥቻለሁና፣ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ጥቂት ታገሡኝ።

ማን ነህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በየካቲት ወር 1945 ዓ.ም. ጎጃም ተወልጄ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 በስደት አሜሪካ ገብቼ፣ በዚያ 37 ዓመት ሠርቼ፣ በጡረታ ወደ አዲስ አበባ የተመለስሁ ሽማግሌ ነኝ። በሣጥኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለ፤ በኪሴ ደግሞ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ። እንግዲህ በተወለድሁበት አገር በሕግ የውጭ አገር ሰው ነኝ ማለት ነው። ይህን የምናገረው ለማማረር አይደለም፤ ነገሩ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

አባቶቻችን ብዙ ወረቀት አልነበራቸውም። ብር የተበደረ ሰው ዋስ ጠርቶ በቃሉ ይታሰር ነበር፤ ስለ መሬት የተከራከረም በሽማግሌ ፊት ይምል ነበር። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉትም ቃል ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። ዛሬ ግን ዓለም ሰፍታ፣ ዳኛውና ባለጉዳዩ የማይተዋወቁበት ዘመን ስለ መጣ፣ ቃል ከአፍ ወጥቶ በወረቀት ላይ ተቀመጠ። ቦታውን ለወጠ እንጂ ጠባዩን አልለወጠም። ፊርማ ማለት እጅ የሚናገረው ቃል ነው። ስለዚህ «ወረቀት ብቻ ነው» የሚል ሰው፣ ሳያስተውለው፣ «ቃሌ ምንም አይደለም» ማለቱ ነው። ክርክሬ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ከራሴ ልጀምር። የአሜሪካን ዜግነት የተቀበልሁት በፈረንጆች 1990 ነው። በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከየአገሩ የመጣን ሰዎች ተሰልፈን ቀኝ እጃችንን አነሣን። የመሐላው ነገር ግልጽ ነው፤ የሚምለው ሰው ለቀድሞ መንግሥቱ የነበረውን ታማኝነት ፈጽሞ መተዉን፣ ለአዲሱም አገር ሕገ መንግሥት ታማኝ መሆኑን በገዛ አፉ ይናገራል። አጠገቤ የቆመው ወዳጄ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ስንወጣም፣ «ወረቀት ብቻ ነው፤ ልባችን እንደ ሆነ እዚያው አገራችን ነው» አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

«ታዲያ ስደተኛ ምን ያድርግ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከአገራቸው ከወጡት ብዙዎቹ የወጡት ተድላ ፈልገው አይደለም፤ እስርንና ሞትን ሸሽተው ነው። ሌሊት በእግራቸው ተጉዘው ሱዳን የገቡ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። እንዲህ ላለ ሰው ያስጠጋውን አገር ዜግነት መቀበል ነውር አይደለም፤ የሰጠውን አገር እንደ ማመስገን ይቆጠራል። እንግዲህ የምነቅፈው መማሉን አይደለም፤ እየማሉ መሳቁን ነው። በመሐላ የሳቀ ሰው ሁለት አገር ያገኘ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ለሁለቱም አንድ እውነተኛ ቃል አልሰጠም።

አሁን ደግሞ ከዚህ የባሰውን ልናዘዝ። አሜሪካ እንደ ገባሁ አንድ ጸሓፊ የተወለድሁበትን ዓመት ጠየቀኝ። እኔም እንደማውቀው «1945» አልሁት፤ እርሱም እንደ ሰማው ጻፈው። የእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በ7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ፍጻሜ በ8 ዓመት ከፈረንጆቹ ወደ ኋላ እንደሚቀር ጸሓፊው አያውቅም፤ እኔም በድካም ብዛት አላሰብሁትም። በፈረንጆች 1953 የተወለድሁት ሰው በወረቀት 8 ዓመት አረጀሁ። ስሕተቱን ያወቅሁት ዓመት ሳይሞላ ነው። ነገር ግን «ወረቀት ብቻ ነው» ብዬ ተውሁት። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የመንጃ ፈቃዴ፣ የዜግነት ወረቀቴ፣ ሁሉም ያን ሐሰተኛ ዓመት እየተቀባበሉ ተሸከሙት።

በአሜሪካ ሕግ፣ ቢያንስ 10 ዓመት ያህል ሠርቶ የጡረታ መዋጮ የከፈለ ሰው፣ 62 ዓመት ሲሞላው፣ አበሉ ቢቀነስበትም፣ ጡረታ መቀበል ሊጀምር ይችላል። በፈረንጆች 2007 ወረቀቴ 62 ሞላው፤ እኔ ግን 54 ነበርሁ። ወዳጆቼ «ዕድለኛ ነህ!» አሉኝ። «መንግሥት ራሱ የሰጠህ ስሕተት ነው፤ አንተ አልዋሸህም» እያሉ አጽናኑኝ። ማመልከቻውን ሞልቼ በገበታ ላይ አኖርሁት። የዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ ወረቀቱን አንሥታ አነበበችና፣ «አባዬ፣ ባለፈው ወር 54 ዓመትህን አላከበርንም እንዴ? ታዲያ ይህ 62 የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለወዳጆቼ የምመልሰው አላጣም ነበር፤ ለእርስዋ ግን አጣሁ። «ወረቀት ብቻ ነው» ልላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ይህች ልጅ በፈተና ወረቀትዋ፣ በመሐላዋ፣ በጋብቻ ውልዋ ላይ ያንኑ ቃል መልሳ እንደምትናገረው ታየኝ። አባቶቻችን ከቃልና ከልጅ አንዱ ቢጠፋ ልጅ ይጥፋ አሉ፤ እኔ ግን በአንድ ፊርማ ሁለቱንም ላጠፋ ተቃርቤ ነበር። ማመልከቻውን ቀደድሁት። ወንድሜ ልጅ ሳለሁ ከተማርሁበት ትምህርት ቤት አሮጌ መዝገብ አስገልብጦ ላከልኝ፤ አስተርጉሜ፣ ምስክር አቁሜ፣ ሁለት ዓመት ያህል ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ተመላልሼ ዕድሜዬን መልሼ አገኘሁት። ከዚያም ሙሉ ጡረታ እስከሚፈቀድልኝ እስከ 66 ዓመቴ ድረስ 12 ዓመት ሠራሁ። ከወዳጆቼ አንዳንዶቹ ዛሬም ሞኝ ይሉኛል። የሞኝነቴ ዋጋ ብዙ ዶላር ነው፤ ይሁን እንጂ ልጄን ዓይን ለዓይን ማየት አላቋረጥሁም።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገሬ ተመለስሁ። እዚህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጩኸት ቆየኝ። ከውጭ የተመለሱ ጡረተኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚሰማው እሮሮ «አገሬ እንግዳ አደረገችኝ!» የሚል ነው። በቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር መሰለፍ ያስቈጣቸዋል፤ በምርጫ ድምፅ አለመስጠት ያስከፋቸዋል። ነገር ግን ነገሩን በትክክል እንመልከተው።

የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል የሚለው ሕግ የትናንት ሕግ አይደለም። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ይህንኑ ይናገራል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 378ም ይህንኑ አጸናው። በዚህ መካከል በ1994 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 270 ወጥቶ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ሰፊ መብት ሰጠ፤ ባለ መታወቂያው ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ገብቶ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል። የተከለከለው መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታ፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር ነው። ከዚህም አልፎ፣ ዜግነቴን መልሱልኝ ለሚል ሰው በሩ አልተዘጋም። ወደ አገሩ ተመልሶ ኑሮውን የመሠረተ፣ የውጭ ዜግነቱን የተወና ያመለከተ ሰው ዜግነቱ እንደሚመለስለት ሕጉ ያዛል።

እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ ከእነዚያ ከሚያማርሩት መካከል ይህን ያደረገ ማን ነው? እኔ አላደረግሁም። ያላደረግሁበትንም ምክንያት አልደብቅም። ልጄ እዚያ ናት፤ ብታመም ሄጄ ልታከም እፈልጋለሁ፤ የማልሁትንም መሐላ ሁለተኛ ልቀልድበት አልሻም። ምርጫው የእኔ ከሆነ ግን ሰልፉም የእኔ ነው። «ልቤ ኢትዮጵያዊ ነው» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልብ ግን ድምፅ መስጫ ካርድ አይሆንም። ሕጉ ጠቦ ከታየንም ይሻሻል ብለን በግልጽ መከራከር የተፈቀደ ነው። ሁለት ዜግነት ይፈቀድ የሚል ክርክር የከበረ ክርክር ነው፤ ሁለት ፓስፖርት በድብቅ መያዝ ግን ክርክር አይደለም፤ ማታለል ነው።

የማታለሉ ፍሬ ምን እንደ ሆነ በባንክ አክሲዮን አይተናል። የውጭ ዜግነት ያለው ሰው በባንክ ድርሻ እንዳይኖረው ሕጉ ከልክሎ ሳለ፣ አንዳንዶች ዜግነታቸውን ሸሽገው «ወረቀት ብቻ ነው» እያሉ አክሲዮን ገዙ። በፈረንጆች 2016 ድርሻቸውን እንዲለቁ ትእዛዝ ሲወጣ፣ «ተዘረፍን» የሚል ጩኸት ተነሣ። በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በግልጽ እንዲገቡበት ተፈቀደ። ልብ በሉ፤ ፈቃዱን ያመጣው ክርክርና የሕግ መሻሻል ነው፤ መደበቁ ያመጣው ኪሳራና እፍረት ብቻ ነው።

የዕለት ኑሮአችን ከውጭ ለሚያየው የተደላደለ ይመስላል። ጧት ተነሥቼ ውኃ መጥቶ እንደ ሆነ ቧንቧውን እሞክራለሁ፤ መብራት ሳይጠፋ እንጀራ ይጋገራል፤ ከሰዓት በኋላ ከጐረቤቶቼ ጋር ቡና እጠጣለሁ። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን የወረቀት ሥራ አለ። የአሜሪካ ዜጋ በየትም አገር ቢኖር ገቢውን በየዓመቱ ለዚያ መንግሥት ያስታውቃል፤ በውጭ አገር ባንኮች ያለው ገንዘብ በጠቅላላው ከ10,000 ዶላር ካለፈም ለብቻው ይመዘገባል። የሽማግሌዎቹ የሕክምና መድን፣ ሜዲኬር የሚባለው፣ ባሕር ተሻግሮ አይመጣም፤ ከጥቂት ልዩ ነገሮች በቀር በውጭ አገር ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ እዚህ ስንታመም ከኪሳችን እንከፍላለን። ከዚህም ሌላ የጡረታው መሥሪያ ቤት በውጭ ለሚኖሩ ተጧሪዎች በየጊዜው መጠይቅ ይልካል። ነገሩ ሲጠቀለል «አሁንም በሕይወት አለህን?» ማለት ነው። ፈርሞ ያልመለሰ ሰው አበሉ ይቆምበታል።

ይህን ሁሉ ሸክም ራሱ ከመሸከም ይልቅ በገንዘብ የሚያሸክም ሰው ብዙ ነው። አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተሰልፌ ሳለሁ፣ እንደ እኔው ከውጭ የተመለሰ አንድ ሰው መጣ፤ ከሰልፉ ዳር ከቆመ ደላላ ጋር በጆሮ ተነጋገረ፤ ፋይሉም ከሁላችን በፊት ገባ። ከፊቴ ከሩቅ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሰዓቱ ሲደርስ «ነገ ይመለሱ» ተባሉ። እርሳቸው ያን ሌሊት የት እንዳደሩ አላውቅም። ሰውየው ግን ሲወጣ ፈገግ ብሎ «ለሻይ ነው፤ ምን አላት!» አለን። መሥሪያ ቤቶቹስ ንጹሓን ናቸውን? አይደሉም። ነገር ግን ጉቦ ለመቀበል ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ የሚሰጥና የሚቀበል። በውጭ አገር 30 ዓመት ተራውን ጠብቆ የኖረ ሰው፣ አገሩ በገባ ማግሥት የሌላውን ተራ በዶላር ከገዛ፣ ከሥልጣኔ ያመጣልን ምንድር ነው? ያን መስኮት ይዞ የተቀመጠው ወጣት ጸሓፊስ ከማን ይማር?

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጻፈኝ ነገር ልመጣ። እንደ እኔ ከአሜሪካ በጡረታ የተመለሰ አንድ ጐረቤት ነበረኝ። ሚስቱ ሞታበት፣ ቀኝ እጁ በበሽታ ሽባ ሆኖ፣ የእኅቱ ልጅ ያስታምመው ነበር። ያ መጠይቅ ሲመጣ ሰውየው በጣቱ ያትማል፤ እኔና ሌላ ሰው በምስክርነት እንፈርማለን። አንድ ዓመት ከሐዳር ወር አላለፈም፤ ዐረፈ። ዕድራችን ድንኳን ተከለ፤ ሥርዐቱ ሁሉ ተፈጸመለት። የዕድሩም ጸሓፊ በመዝገቡ ላይ ከስሙ ጐን «ዐርፏል» ብሎ ጻፈ።

ጥቂት ወራት ቈይቶ የእኅቱ ልጅ ማታ ወደ ቤቴ መጣ። በእጁ ፖስታ ይዞአል። «ጋሼ፣ መጠይቁ መጥቷል። የጣቱን ነገር እኔ አውቃለሁ፤ እርስዎ እንደ ልማድዎ ይፈርሙልኝ» አለኝ። ደንግጬ ዝም ብል፣ «ወረቀት ብቻ ነው እኮ ጋሼ! አሜሪካ በዚህ ይደኸያል?» አለ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አጎቱን ዓመታት ያለ ደመወዝ ያስታመመ፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ብር ያወጣ ስለ ጀመረ፣ ያ አበል ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነበር። ብፈርምለት ልጆቹ በነበሩበት ትምህርት ቤት ይቈያሉ፤ ባልፈርም ይወጣሉ። ይህን አውቄ ነው እንቢ ያልሁት። «ልጄ፣ አጎትህን አብረን ቀብረነዋል። በዕድሩ መዝገብ ሞቶ በአሜሪካ መዝገብ የሚኖር ሰው አላውቅም። አንተ በዕድሜው ሁሉ ያከበርኸውን ሰው ሬሳውን አውጥተህ ገንዘብ ታስለምነዋለህን? ይልቅስ መሞቱን ለኤምባሲው እናስታውቅ፤ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ» አልሁት። ፖስታውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አይሰጠኝም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ለውጠዋል፤ ጧት ጧት በደጄ ሲያልፉ አያቸዋለሁ። ከራሴ አበል ጥቂት በየወሩ ልርዳው ብል እንቢ አለ።

እውነት ሁልጊዜ ደስ ታሰኛለች ብዬ አልሰብካችሁም። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ይሁንና ብፈርም ኖሮ የምሰጠው የራሴን ገንዘብ አልነበረም፤ የራሴን ቃልና የሌላ ሕዝብ ሠራተኛ ከደመወዙ ያዋጣውን ገንዘብ ነው። ሌላም ነገር አለ። በአንድ ሐሰተኛ መጠይቅ ምክንያት እምነት ሲጠፋ የሚቀጣው ዋሹ ብቻ አይደለም፤ በእውነት በሕይወት ያለው ምስኪን ሽማግሌ፣ መኖሩን የሚያምነው አጥቶ፣ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይውላል። የወረቀት ብዛት ከምን መጣ ብለን ስናማርር፣ ከውሸታችን ብዛት መምጣቱን እንዘነጋለን።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ነገ ባሕር የምትሻገሩ ትኖራላችሁ፤ አትሂዱ አልላችሁም። የምላችሁ ይህን ነው። የልደታችሁን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አስልታችሁ ጻፉ። ስማችሁን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ወስኑና አትለውጡት፤ በፓስፖርት አንድ፣ በትምህርት ማስረጃ ሌላ የሆነ ስም በስተርጅና ሁለት ሰው ያደርጋችኋል። የምትምሉትን መሐላ ከመማላችሁ በፊት አንብቡት። ተራችሁን ራሳችሁ ጠብቁ። በማይገባችሁ ነገር ላይ፣ ለምትወዱት ሰው እንኳ ቢሆን፣ አትፈርሙ።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ወዳጅ ትከሻችሁን መታ አድርጎ «ወረቀት ብቻ ነው» ይላችኋል። ያን ጊዜ ከመሳቃችሁ በፊት ከወረቀቱ ግርጌ የሚጻፈው ስም የማን እንደ ሆነ ተመልከቱ። የእናንተ ከሆነ፣ ወረቀት ብቻ አይደለም።